በቀይ ክር የታሰረው ሒና

ዛሬ ጠዋት ጎረምሳ ልመስል ብዬ ጺሜን ጅዳ ሰቢል ሰፈር ካለች ሱቅ በገዛሁት ሒና ቀባሁት፤ ጺሜ ጠቁሮ አገጬ እንደ ዱባ አበጠ። ይህን ውበቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ከጅዳ ወደ መካ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከኋላዬ አንዲት ጠና ያለች ሴትና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም።

«ስልክሽ ላይ ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው፣ እናቴ። ተቆጣጣሪዎቹ ሰው የሚጎዳ ዕቃ የሸጠን ሱቅ እዚያው ያሽጋሉ። ከመጽደቁ በፊት ሰው ሁሉ አስተያየት ይስጥ ተብሏል።»

«ሰው ሁሉ? እኛም ሐበሾቹ?»

«እኛም።»

«ሱብሃነላህ! እኛን ደግሞ ማን ጠይቆን ያውቃል! ታዲያ ምን ልትይ ነው?»

«እጄን እዩት። ለዒድ ሒና ተቀብቼ ተላጠ። ማዳም ‹በዚህ እጅ ሕፃኑን አትነኪም› ብላ ኦብሑር ካለው ቤቷ አባረረችኝ። ይሄንኑ ጻፍኩ፤ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ውይ! ማነው እንዲህ ያለውን የሸጠልሽ?»

«ሰቢል ሰው ልኬ ነው ያስገዛሁት። በቢጫ ከረጢት፣ በቀይ ክር የታሰረ።»

«ቀይ ክር?»

«ምነው ደነገጡ?»

«ያ ረቢ! የማስረው እኔ ነኝ! ቶሎ እንዲያጠቁር ብዬ ትንሽ የፀጉር ቀለም ነው የጨመርኩበት...»

«እርስዎ ነዎት?!»

«አትላኪው ልጄ! ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ሱቅ ነው!»

«እኔስ የምበላው በዚህ እጅ አልነበረም?»

«ኸላስ፣ በቃ ላኪው! ከአንቺ በቀር ማን ተጎዳ? እስቲ አንድ ሌላ ሰው አምጪ!»

እኔም ሻርፔን አገጬ ላይ አጥብቄ መካ ዓዚዚያ ሰፈር ስደርስ ወረድኩ፤ ለዚያች ልጅ ግን አንድ ምስክርነት አለብኝ።