የበቅሎ ተራ የማን ፈጠራ ነው?

ስሙኝማ! የጎረቤቴ ልጅ ሰብለ ለደባርቅ በቅሎ አከራዮች ተራቸውን በስልክ የሚያዩበት ድረ ገጽ ሠርታለች። ትናንት አንድ ኮት ለባሽ እንግዳ ቤታቸው ሲገባ አየሁና፣ ወንፊት ልዋስ ብዬ ገብቼ ቁጭ አልሁ። "የድረ ገጽ መሥሪያውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት በነፃ ብታገኚውም፣ የቀረ ሰው ተራው ሳይዘለል የሚጠበቅበት ዘዴ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ያለእኔ ፈቃድ ማንም እንዳይጠቀምበት ፓተንት አውጥቼበታለሁ። ዝጊው፣ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን!" አላት። ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "መሥሪያው ነፃ ከሆነ ሁሉም ነፃ መስሎኝ ነበር" አለች።

እኔ ፓተንቱ ባይገባኝም ተራው ገባኝ። ወጥቼ በአጥር ላይ "አያ ተገኘ፣ ይምጡማ!" ብዬ ሽማግሌውን በቅሎ አከራይ ጠራኋቸው። ነገሩን ሰምተው ሳቁና ወደ እንግዳው ዞሩ። "ለቅሶ የሄደ ሰው ተራው እንዳይዘለል በስሙ ጠጠር እናስቀምጥ የለም እንዴ? አባቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አንተ ያኔ ተወልደሃል ልጄ?" ሰብለ ቀና አለች፤ "አያ፣ ድሮም የነበረ ዘዴ የእሱ ፈጠራ ሊሆን አይችልም፤ ይህን ለጠበቃ ይነግሩልኛል?"

አሁን ሰብለንና አያ ተገኘን ከመናኸሪያ ሸኝቻቸው መምጣቴ ነው። ድረ ገጹ አልተዘጋም፤ ሁለቱም ጎንደር ጠበቃ ዘንድ ሄደዋል። አያ ተገኘ ጠጠሮቹን በመሀረብ ቋጥረው ይዘዋል።