የጋሽ ፍርስራሽ ወንበር

— ሄሎ… አቤት የኮሌጁ ዲናችን! ቆይማ፣ መስኮቱን ልዝጋው። አሮጌውን ላብራቶሪ እያፈረሱት ጆሮዬ ሊደነቁር ነው… እሺ፣ አሁንስ ትሰማኛለህ?

— ኧረ ገና ነው። ልጆቹ ንድፋቸውን እያቀረቡ ነው… አውቃለሁ፣ ከሰዓት ስብሰባ አለ። የዘላቂነት ትምህርት ከየኮርሱ ይውጣና ለብቻው የምርጫ ኮርስ ይሁን፣ የፈለገ ይማረው፣ ያልፈለገ ይተወው ነው የምትለው። እኔም እጄን እንዳወጣልህ ነው አይደል?… አልተቆጣሁም። ፈርቼ ነው።

— ሳቅ አንተ! ፈርቼ ነው ስልህ!

— ጋሽ ፍርስራሽን ታስታውሳቸዋለህ?… እንዴት ትረሳለህ፣ ስሙን ያወጣህላቸው አንተ! አስተማሪያችን ሆነው፣ በሩ አጠገብ እዚያች እግሯ የሚነቃነቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ገና «ጨርሻለሁ» ስንል… አዎ፣ ያቺኑ ጥያቄ! «ይኼን የሠራኸውን ነገ ማን ያፈርሰዋል? ፍርስራሹስ የት ይገባል?» ድልድይ ይሁን፣ ቧንቧ ይሁን፣ ለሳቸው ሁሉም አንድ ነው። ስትመልስላቸው ደግሞ ቀና ብለው፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሲያሰለቹ! በላብ ያጠምቁን ነበር።

— ስማኝ እንግዲህ። እነዚህ ልጆች እሳቸውን አያውቋቸውም፣ ከሞቱ በኋላ ነው የገቡት። ጥያቄውንም አንተ ባልከው መሠረት ዘንድሮ ለሙከራ ከየኮርሱ አውጥተነዋል፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ ግን የመጀመሪያዋ ልጅ አቅርባ ስትጨርስ አልተቀመጠችም። ቆመች። ከዚያ ፊቷን በሩ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበራቸው አዙራ «ጡቡ ተመልሶ ይሠራበታል፣ ብረቱ ደግሞ…» ብላ መመለስ ጀመረች… ማንም አልጠየቃትማ! ከሷ ቀጥሎ የወጣውም እንደዚያው።

— እኔም ከቀድሞ ተማሪዎች ሰምተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ለምን መሃል ላይ ያቆማሉ? አንዴ ያቆሙና፣ ልክ «ከዚያስ» እንደተባለ ሰው እንደገና ይቀጥላሉ።

— (አይ፣ ቁጭ በይ የኔ ልጅ። አንቺን አይደለም።)… ከልጆቹ ጋር ነው።

— ወንበሩን ላስወጣው? እኔ? እጄን ይቁረጠው! ከደፈርክ አንተ መጥተህ አስወጣው።

— ቆይ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዲሱን ሕንፃ የነደፍከው አንተ፣ አሮጌውን ያስፈረስከውም አንተ። ፍርስራሹ የት እየገባ ነው?… «ኮንትራክተሩ ያውቃል»? እሱም መልስ ሆነና! ጠዋት ስመጣ መኪናዎቹ ከግቢው ጀርባ ወንዙ ውስጥ ሲደፉት አይቻለሁ። ልጆቹም ቆመው እያዩ ነበር።

— ለእኔ አታስረዳኝ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ነው፣ ለሳቸው ንገራቸው… ምን ቀልድ አለው? በትክክል ከመለስክላቸው ከሰዓት እጄን አወጣልሃለሁ። ካልመለስክ ግን ጥያቄው ወደየኮርሱ ይመለሳል፣ አንተው ራስህ ታስመልሰዋለህ… እሺ? በቃ ጀምር።

— (ልጆች፣ ፀጥ በሉ። ማንም እንዳይናገር።)

…

…

— ሄሎ፣ አንስቼዋለሁ። ደህና ስታወራ ነበር፣ ምነው አቆምክ?… ምን?… ማነው «ከዚያስ» ያለህ?

— ኧረ እኔ አይደለሁም!… ልጆቹም አይደሉም። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የቆሙት… የሽማግሌ ድምፅ? በፈጠረህ አታስፈራራኝ!… ምን ብለህ መለስክላቸው?… አላውቅም አልካቸው?… አንተ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?… እሺ። እሺ፣ አይዞህ። ይመለሳል። ጥያቄው ወደየኮርሱ ይመለሳል… ምን? ድምፅህ ይቆራረጣል… አሁንም እየጠየቁህ ነው?… ሄሎ? ትሰማኛለህ? ሄሎ!

— (ተቋረጠ… አይዟችሁ፣ ቁጭ በሉ። ተራው የማን ነበር? ና አቅርብ። በወንበሩ በኩል ግን አትለፍ፣ ዞረህ ና።)