ማሽላ ጠባቂው ሲዲ

ወላሂ፣ ሳቄ አላስወራ አለኝ፤ ቆዩ፣ ዋናው ጉድ መጨረሻው ላይ ነው! የእህቴ ልጅ ዘሃራ አሮጌ ኮምፒውተሯ አልከፈት ብሏት ለቅሶ ተቀምጣለች፤ የሰርጓ ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። የሮቢት ከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ነገር በሲዲ ሰጣት። "ኮምፒውተሩ በራሱ መነሳት ቢያቅተው በዚህ ይነሳል፤ ፎቶሽን ታወጪበታለሽ" አላት። ጠረጴዛ ላይ ትታው ውሃ ቀድታ ብትመለስ ሲዲው የለም።

"አክስቴ፣ እዚህ የነበረው ሲዲ የታለ?"

"የሚያብለጨልጨው? ማሽላው ላይ ሰቀልኩት!"

ምን ላድርግ፣ ማሽላው ለእሸት ደርሷል፣ ግሪሳ ወፍ ደግሞ ብልጭታ ይፈራል፤ በኛ አገር የአሮጌ ሲዲ ሥራው ይኸው ነው። እየተሯሯጥን ማሳው ደረስን። ባሌ ይማም ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ተሰይሟል። "ይሄ ከተሰቀለ ወዲህ ወፍ ዝር አላለም፤ አታወርዱትም!" ብሎ ሙግት ገጠመን። ነጥቀነው ሮጥን። አቧራውን በሻሼ ጠርጌ ሰጠኋት፣ ከተተችው። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አጉረመረመ፤ ዘሃራ ዓይኗን ጨፍናለች። ቦግ! ፎቶዎቹ ተደርድረው መጡ፤ ከሁሉም ፊት እኔ ስጨፍር! ፍላሽ ላይ ገልብጣ ስትጨርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት። ይማም ከማሳው ተከትሎን በር ላይ ቆሟል፤ ፎቶውን ዞር ብሎም አላየው። እጁን ዘርግቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"በሉ ሲዲዬን መልሱልኝ፤ መውረዱን ወፎቹ ሰምተዋል!"