እሬት የተቀባ ጉንጭ

እንጦጦ ራጉኤል ንግሥ ላይ ጃንጥላ ሳልይዝ ቆሜ ዋልኩና ፊቴ ተቃጥሎ ተመለስኩላችሁ። እናቴ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፊቴ ላይ ጣል ስታደርግልኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። መከራዬ ጠያቂው ነው! የካ ውስጥ ያልመጣ ጎረቤት የለም፤ የመጣው ሁሉ ደግሞ “እኔን!” ይልና የነደደ ጉንጬን አገላብጦ ይስመኛል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡማ መጀመሪያ ሳቁብኝ። “ፀሐይ ሐበሻን ታቃጥላለች እንዴ? ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው!” አሉና ግራ ቀኝ ሳሙኝ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ አዘኑና እንደገና ሳሙኝ። ከዚያ ከአጥራቸው ሥር እሬት ቆርጠው አመጡና “ቀቢያት፣ ያበርድላታል” ብለው ለእናቴ ሰጧት።

እውነትም አበረደልኝ። በማግስቱ ተቀብቼ ጋደም እንዳልኩ እትዬ ዘነቡ ከተፍ አሉ። “እትዬ፣ እሬቱን…” ብዬ ሳልጨርስ ጉንጬ ላይ ተለጠፉ። ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ፤ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ደጅ ሮጡ። ተፍተው ተፍተው ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙና፣ “ልጆቼን ጡት ያስጣልኩበት እሬት እኔን መሳም ያስጥለኝ?” አሉ። ከዚያ ወዲያ ከበር ሆነው በእጃቸው ብቻ ነው ሰላም የሚሉኝ።

እኔም ፊቴ ከዳነ በኋላም፣ ጠያቂ እስኪያልቅ ድረስ እየተቀባሁ ሰነበትኩ።