የባትሪው ሳጥንና የየሻው በሬ

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ የሰማሁት ንግግር ነው። ግማሹ ከልቤ ጠፍቷል፤ የቀረውን ግን እግዚአብሔር ለምክንያት ያቆየልኝ ይመስለኛል። የመጣሁት ለማኅተም ነበር። ማኅተሙን የያዙት ጓድ ስብሰባ ገብተው፣ ዝናቡም መውጫ ከልክሎኝ፣ ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አያ በላቸው ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉ ከአንገታቸው ማተብ ጋር ነው የሚውለው። ክፍሉ ውስጥ እጀታ ያጣ የጽሕፈት መኪና፣ የእርዳታ ሰዎች ትተውት የሄዱት ያረጀ ኮምፒዩተር፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ያቆዩ የነበሩ የሞቱ ባትሪዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተጭነዋል። ጣሪያው ያፈሳል። ከባትሪዎቹ ሥር የሚወርደው ውኃ በበሩ ወጥቶ ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ጸሐፊዋ ብርቄ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "በጎንደር ሬሳ ሳይቀበር የሚቀመጥበት ቤት የአያ በላቸው ዕቃ ቤት ብቻ ነው" አለች።

"አይዞሽ፣ አንቺም ስታረጂ ቦታ አላጣልሽም" አሏት።

ያን ጊዜ ዓለምነው መጣ። የቴክኒክ ትምህርት ጨርሶ የጽሕፈት መኪኖቹንና ኮምፒዩተሩን እንዲጠግን የተመደበ ጨዋ ወጣት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ልመናውን አስረዳ፦ ባትሪዎቹ ከመሬት ተነሥተው ደረቅ ቦታ በሳንቃ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ የኮምፒዩተሩ መስተዋት እንዳይሰበር ለብቻው ይከደን፤ የመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና አዲስ አበባ ሲወርድ ሁሉም ፈትቶ ማስወገድ ለሚያውቅ ይላክ።

አያ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያረጀ ልብሰ ተክህኖ ሲጥል አይተህ ታውቃለህ? ዕቃ ቀን ያነሣዋል። ደግሞስ ነገ ንብረት ቆጣሪ መጥቶ 'የት አደረስኸው?' ቢል፣ ወህኒ የምወርደው እኔ ነኝ።"

"ርክክቡ በፊርማ ነው አያ፤ ፊርማው እርስዎ እጅ ይቀራል። ደግሞ ይጣል መች አልሁ? እርስዎ ዲያቆን ሳሉ የጽናውን የዕጣን አመድ የት ነበር የሚደፉት?"

"እግር በማይረግጠው ቦታ ነዋ።"

"ለምን?"

"የተቀደሰ ነዋ!"

"ይህ ደግሞ የተመረዘ ነው። የተቀደሰውም የተመረዘውም እግር የማይረግጠው ቦታ ይፈልጋል።"

ሽማግሌው ሳቁ። "ሸጋ ተናገርህ። ግን ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር እኔን ምን አደረገኝ?"

ዓለምነው ሳይቸኩል አስረዳቸው። በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ እንደ እባብ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ ጥቂት በጥቂት ደም ውስጥ ይገባል፣ የልጆችን አእምሮ ያደክማል፣ ከቦዩ ጋር ወርዶ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ይበክላል። ከዚያም እንዲህ አለ፦ "ከብት ደግሞ ጨው ጨው እያለው ይልሰዋል። የላሰ በሬ ዓይኑ ይጠፋል፤ ሲዞር ሲዞር ይወድቃል።"

አያ በላቸው ወደ ባትሪዎቹ ዞሩ። "በውኃ ቢታጠብስ?" አሉ።

"ሳጥኑ የጠጣው አይለቅም። ያጠቡበት ውኃም መርዝ ይዞ ይወርዳል።"

"በአመድ ቢፈተግስ?"

"በአመድም ቢሆን አያ። ምነው?"

ጥያቄው የክርክር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌው ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩን ተናገሩ። ወንድማቸው የሻው በቀደም ከእንፍራንዝ መጥቶ ነበር። ከባትሪዎቹ አንዷ ተሰብራ ከንብረት መዝገብ ተሰርዛ ስለነበር፣ ሆዷን ቦዩ ውስጥ አራግፈው ሳጥኗን ሰጡት፤ ለበሬው የአሞሌ ጨው ማላሻ ገበታ ትሆነው ብለው። የሻው ያለው አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። እሱ ከወደቀ የዘንድሮ እርሻ አለቀ። አሞሌውን የሚገዛው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ በሬው ገና አልላሰባትም።

"ምነው ቀድመህ አልነገርኸኝ?" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

"ቁልፉን መቼ ሰጡኝ አያ?"

ብርቄ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሽማግሌውም ሳይወዱ ሳቁ። ሰው የሚሳሳተው ከክፋት ብቻ አይደለም። ዕቃ አይባክን ብሎ፣ ወንድሙን እጠቅም ብሎም ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ ምክንያቱ መልካም ስለሆነ ለመመለስ ይከብዳል። አያ በላቸው ግን ተመለሱ።

ዓለምነውም ትርፉን ቆጠረላቸው፦ በሬው ከቀንበር አይለይም፤ የቦዩ ውኃ ከመርዝ ይድናል፤ ዕቃ ቤቱ ተራግፎ ለሚመጣው አዲስ ኮምፒዩተር ደረቅ ቦታ ይገኛል። "አያ በላቸውም ቆጣሪ ሲመጣ በሰላም ያድራሉ" ብላ ብርቄ ጨመረችበት።

ሽማግሌው ተነሡ። ነገ በማለዳው አውቶቡስ እንፍራንዝ እንደሚወርዱ፣ በሳጥኗ ፈንታ ለማላሻ የሚሆን፣ እቤታቸው ያለውን የወይራ ገበታ ለየሻው ይዘውለት እንደሚሄዱ፣ ሳጥኗን በላስቲክ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው እንደሚመልሱ ተናገሩ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው በዓለምነው መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ሳንቃውን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። የመጀመሪያዋን የማስቀምጣት እኔ ነኝ፤ ከእንፍራንዝ የምትመጣዋን።"