የተጨመሩት ሁለት ዓመታት

ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ፊሽካ ያገላብጣሉ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባባ፣ አሰልጣኝ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም ልጄ፣ ጡረተኛ ፖሊስ ነኝ። እስከ ትናንት ከጡረታ በኋላም በፖሊስ ጣቢያው ስር ሰፈራችንን እጠብቅ ነበር። ከዕድሜ ጣሪያው አልፈዋል ብለው አሰናበቱኝ።»

«ውይ! አያስታውቅብዎትም እኮ።»

«አላለፍኩማ! ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል።»

«ታዲያ እንዴት?»

«ያኔ ፖሊስ ልቀጠር ስሄድ ‹ገና ልጅ ነህ፣ አድገህ ተመለስ› አሉኝ። በሳምንቱ አድጌ ተመለስኩ። የጨመርኳት ሁለት ዓመት እንደተጻፈች ቀረች።»

«ሄደው እውነቱን ይንገሯቸዋ! ቤት ከመዋል...»

«ቤቱማ ባዶ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ‹እንዴት አመሹ› የሚለኝ ማታ ሰፈር ስጠብቅ የማገኘው ሰው ብቻ ነበር።»

«ይንገሯቸው እንግዲያ፣ ምን ቸገረዎት?»

«ስንቱን ሰው ፊቴ አቁሜ ‹አትዋሽ› ስል ኖሬ፣ ዛሬ እነሱ ፊት ቆሜ ‹ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋሽቻችኋለሁ› ልበል?»

ለቡ ሲወርዱ ጉልበቴን ሰብሰብ አድርጌ አሳለፍኳቸው፤ እንዳዘንኩላቸው እንዳያዩብኝ ግን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።