የፍየሉ ቆዳና የጥሩሐረግ እጅ

በ1998 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሰቆጣ ገበያ ቆዳ ተራ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ የፍየል ቆዳ በሁለት ጫፍ ይዘው ተፋጠጡ። አንደኛው መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ናቸው፤ ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡና ዳዊት ሲጽፉ ያረጁ ቁም ጸሐፊ። ሌላው ትእዛዙ የሚባል፣ ከሰቆጣ አጠገብ ካለችው ከዝቋላ ወረዳ ወጥቶ አዲስ አበባ ድረስ የተማረ ወጣት ነው። ጾም በመሆኑ ቆዳ ተራው ጭር ብሏል። ከጦይብ መደብ በቀር እርጥብ ቆዳ የተገኘበት ቦታ አልነበረም፤ እሱም ዘንድ ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

«ልቀቅ ልጄ፤ እኔ ቀድሜ ነው የያዝሁት» አሉ መሪጌታ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፤ ከጦይብ ጋር ጧት ተነጋግሬበታለሁ።»

«ለመሆኑ ምን ልትሠራበት ነው? ጫማ ሰፊ ነህ እንዳልል መዳፍህ ለስላሳ፣ ጸሐፊ ነህ እንዳልል ጣትህ ቀለም አያውቅም።»

«ተማሪ ነኝ። ከፍየል ቆዳ ለተቃጠለ ገላ የሚሆን መሸፈኛ ማውጣት ይቻል እንደሆነ የሚመራመሩ መምህራን አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እሠራለሁ።»

መሪጌታ ሳቃቸው መጣ። ባለቆዳው ጦይብም አብሯቸው ሳቀ። ይህ ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ተምሮ፣ መጨረሻው የፍየል ቆዳ መሻማት መሆኑ ለሁለቱም እኩል ገርሟቸዋል። ትእዛዙ ግን አልተቀየመም፤ ቆዳውን ለቀቀና «ለዳዊት ከሆነስ ይውሰዱት፤ የእኔ ይደርሳል» አለ።

መሪጌታ ለቁጣም ለምርቃትም ቅርብ የሆኑ ሰው ናቸው። ይህቺ ትሕትና አንጀታቸውን በላችውና፣ «በል ና፣ ብራና እንዴት እንደሚፋቅ ላሳይህ፤ ፍየል ከነቆዳው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የት ይውል እንደነበር ትማራለህ» ብለው ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ግቢው ውስጥ አንድ ብራና በመወጠሪያ እንጨት ላይ ተወጥሮ ነበር። ልጃቸው ታይቱ፣ ባሏ ለሥራ ወደ ሱዳን ከወጣ ወዲህ ከእርሳቸው ጋር የምትኖር ሴት፣ ለእንግዳው መቀመጫ አቀረበች፤ የእሷ ልጅ ጥሩሐረግ ደግሞ የእጅ ውሃ አመጣች። አሥር ዓመት አይሞላትም። ማንቆርቆሪያውን የያዘችው በግራዋ ነው። ትእዛዙ ሊጨብጣት እጁን ቢዘረጋ፣ ቀኟን ከቀሚሷ ውስጥ አወጣችና አንጓዋን ሰጠችው። አራቱ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው፣ ከመዳፏ ጋር ተጣብቀው፣ እጇ ቡጢ እንደሆነ ቀርቷል። ገና ስትድህ ምድጃ ውስጥ ወድቃ ነው። በቅቤ ተቀብታ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ሰነበተች፤ ቁስሉ ዳነ፣ እጁ ግን አልተፈታም።

ትእዛዙ እጇን አገላብጦ ካየ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «የኔታ፣ ይህ እጅ ይፈታል። እዚህ ሰቆጣ ሳይሆን አዲስ አበባ። ከውጭ የመጡ የቃጠሎ ሐኪሞች እስከ ፋሲካ ይቆያሉ፤ መምህሬ አብሯቸው ይሠራል። እነርሱ ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ልጅቱም እያደገች ነው፤ ከዘገየ አጥንቱ ራሱ ጎብጦ ይቀራል።»

ታይቱ እንጀራ ይዛ የመጣችበትን ረስታ ቆመች።

«እንዴት አድርገው ነው የሚፈቱት?» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

«ጠባሳውን ቆርጠው ጣቶቹን ይዘረጓቸዋል። ያን ጊዜ ቆዳ የሌለው ክፍት ገላ ይቀራል። እሱን ከበሬ ቆዳ በተዘጋጀ ስስ መሸፈኛ ይሸፍኑታል። ባዮማቴሪያል ይሉታል፤ ገላ ሳይቆጣ እንዲቀበለው ተብሎ የተሰናዳ ነገር ማለት ነው። የራሷ ገላ እየገባበት ያድጋል። ይህ ጥበብ ቲሹ ኢንጂነሪንግ ይባላል።»

«ኢንጂነርማ መንገድ ይሠራል፤ ደግሞ ገላ መሥራት ጀመረ?»

«መንገድ ሠሪው የድልድይ ቅስት ሲገነባ ከሥሩ እንጨት ያቆም የለም? ድንጋዩ ተገጣጥሞ ሲረጋ እንጨቱ ይነሣል። የበሬው ቆዳም እንደዚያ ነው። የራሷ ሥጋና የደም ሥር በላዩ ሲተከል እሱ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። በመጨረሻ ከጭኗ ስስ ቆዳ ተነሥቶ ከላይ ይለብስበታል።»

መሪጌታ ሊቅሙት የዘገኑትን ቆሎ ወደ ሰፌዱ መለሱት። «ስማኝ ልጄ። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነው። የእንስሳ ቆዳ በሰው ላይ መስፋት ፍጥረትን መደባለቅ ነው። ነገ ጠጉር ብታበቅልስ? ሰውስ ምን ይላል? ‹የገብረ ጻድቅ የልጅ ልጅ በሬ ሆነች› ሊባል ነው? ፈጣሪ በዚህ እጅ ካኖራት ትኑር። በግራዋ ለምዳለች።»

እዚህ ላይ ትእዛዙ ተሳሳተ። «የኔታ፣ ዓለም የት ደርሶ እኛ እዚህ ተቀምጠን በሬና ጠጉር እንላለን!» አለ።

«እንግዲያስ ዓለም ወደደረሰበት ሂድ! እኔ እዚሁ ነኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የተማረ ሰው አንዱ ድካሙ ይህ ነው፤ እውነቱን ይዞ ይመጣና በንቀቱ ያስጥለዋል። ሽማግሌ በክርክር ተሸንፎ አያውቅም ማለት አይደለም፤ ተንቆ ግን የተረታ ሽማግሌ የለም። ደግነቱ ትእዛዙ ከዝቋላ የወጣ፣ በሽማግሌ ፊት ያደገ ልጅ ነው። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ። ተማርሁ ብዬ አፌን ለቀቅሁ።»

«ይማርህ» አሉ፤ ግን ገና አልዞሩም።

ታይቱ ለልጇ በኽምጣና፣ በአገራቸው የአገው ቋንቋ፣ አንድ ነገር ብላ ወደ ውስጥ ሰደደቻትና አባቷ ፊት ቆመች። «አባቴ፣ በግራዋ ለምዳለች አሉ። ከተማሪ ቤት ስትመጣ ማልቀሷን አላዩም። ሰላምታ ስትሰጥ ሰው እጁን ወደ ኋላ ሲሰበስብ አላዩም። እርስዎ ባለ ብዕር ነዎት፤ እሷ ብዕር መያዝ ስትመኝ የምትውለው እርስዎን እያየች ነው። እኔ ነኝ እናቷ፤ እኔ ነኝ ሌሊት የማያት።» ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

መሪጌታ ልባቸው አዘነ፤ ግን ልብ አዘነ ተብሎ ሃይማኖት አይጣልም ብለው ራሳቸውን አጸኑ። ትእዛዙ ይህንን አይቶ፣ ነገሩን በሌላ በር ገባበት። ወደ ተወጠረው ብራና ሄዶ በጣቱ ዳሰሰው።

«የኔታ፣ ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ይህን ሲፍቁ ምን ምኑን ነው የሚያወጡለት?»

ሥራውን የተጠየቀ ባለሙያ ተቆጥቶም ቢሆን ይመልሳል። «እዘፈዝፈዋለሁ፣ እወጥረዋለሁ። ሥጋውን፣ ስቡን፣ ጠጉሩን አነሣለታለሁ። በአሸዋ ድንጋይ ፈትጌ አለሰልሰዋለሁ። ባጭሩ ፍየልነቱን እፍቅለታለሁ።»

«የሚቀረውስ?»

«ብራና ነዋ!»

«ፍየል አይደለም?»

«ፍየልማ ቢሆን ቤተ መቅደስ ይገባ ነበር? በሁዳዴ ካህን ይስመው ነበር?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነዚያም ሐኪሞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የበሬውን ሕዋስ፣ ስቡን፣ ደሙን በመድኃኒት አጥበው በሬነቱን ይፍቁለታል። የሚቀረው ኮላጅን የሚባል ድር ብቻ ነው። ጠጉር የሚያበቅል ነገር አይቀርበትም። እርስዎ በብራናው ላይ ቃል ይጽፋሉ፤ እነርሱ የልጅቱ ገላ ራሱን እንዲጽፍበት ያደርጋሉ።»

መሪጌታ፣ ትእዛዙ ይህን ሲናገር ብራናውን የነካው በአክብሮት መሆኑን ልብ ብለዋል። ሆኖም አንድ የመጨረሻ ምሽግ ቀርቷቸው ነበርና ወደዚያው ገቡ።

«ይሁን። በሬነቱስ ተፋቀ። ማን አረደው? በአብ ስም ተባርኮ የታረደ ነው? ባሕር ማዶ ያለ በሬ በማን ቢላዋ እንደወደቀ ታውቃለህ?»

«ይህንን አላውቅም የኔታ» አለ ትእዛዙ፤ አንገቱን ደፋ። ሊዋሽ አልፈለገም። መሪጌታም የረቱ መሰላቸው፤ መርታታቸው ግን ደስ አላላቸውም።

ታይቱ ያን ጊዜ፣ አባቷ ከገበያ ያመጡትን እርጥብ ቆዳ ልትዘፈዝፈው ከመሬት አነሣችው።

«ይህንን ከማን ገዙት፣ አባቴ?»

«ከጦይብ።»

«መቼ የታረደ ነው?»

«ዛሬ ጧት ነዋ፤ ደሙ መች ደረቀ!»

«ታዲያ በሁዳዴ፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ ፍየል የሚያርድ ክርስቲያን ማን ነው?»

መሪጌታ ቆዳውን አዩ፣ ብራናውን አዩ። በየሁዳዴው ከጦይብ፣ ከጦይብ በፊትም ከአባቱ የገዙት ቆዳ ሁሉ በዓይናቸው ዞረ። በየደብሩ ያሉ ዳዊቶቻቸው፣ ካህናት አክብረው የሚሳለሟቸው መጻሕፍት፣ ማን ባረደው ቆዳ ላይ ተጽፈው ነበር? አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም። ከዚያ ከሆዳቸው የመጣ ሳቅ ያዛቸው፤ ሳቁ ወደ እንባ እስኪዞር ድረስ ሳቁ።

«አይ ታይቱ! አባትሽን በገዛ ቆዳው ጠፈርሽው!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ውሃው፣ ፀሐዩ፣ የሚጻፍበት ቃል ያነጻዋል ብዬ ነው የኖርሁት። ዛሬም አምናለሁ። ለብራና ያመንሁትን ለልጄ ልጅ ልከለክላት ነው? ሂዱ። በእመቤቴ ስም ሂዱ። ከፋሲካ በፊት ድረሱ።»

እናትና ልጅ በዚያው ሳምንት በወልዲያ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕክምናውና ማገገሙ ወራት ወሰደ። መንደሩ አላረፈም፤ ‹ቀንድ ይዛ ትመለሳለች› ያለም ነበር። መሪጌታ በቀን ለሐሜተኛው መልስ እየሰጡ፣ በሌሊት ግን እየጸለዩ ክረምቱን አሳለፉት። የሚጽፉት ገጽ ይሳሳትባቸው ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ አውቶቡስ ተራ ቆመው ጠበቁ። ታይቱ ቀድማ ወረደች፤ ቀጥላ ጥሩሐረግ። ልጅቱ ሮጣ መጣችና እንደ ልማዷ አንጓዋን ሳይሆን ቀኝ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ሰፊ ነበር። ጠባሳው ይታያል፤ ትንሿ ጣት እስከ መጨረሻው አልተቃናችም፤ ሐኪሞቹ በሰጧት እንቅስቃሴ ገና ትሠራበታለች። ግን እጅ ነው፤ የሚጨብጥ፣ የሚሞቅ፣ የራሷ እጅ። መሪጌታ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ደጋግመው ሳሙት። በሰው ፊት አለቀሱ፤ አላፈሩምም።

ከመስቀል በኋላ ባለው ገበያ ቆዳ ተራው ሞልቶ ነበር። መሪጌታ ጥሩሐረግን ይዘው መጡ፤ ትእዛዙም ለጥናቱ ቆዳ ሊመርጥ ደርሶ አገኙት። ወሬ የሰማ ሁሉ የልጅቱን እጅ ሊያይ ተሰበሰበ። ከሰሃላ የመጣ ቅጣው የሚባል ገበሬ፣ «የእኔም ልጅ እግሩ ተቃጥሎ ተጣብቋል፤ ግን የከብት ቆዳ ነው ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ» አለ።

«እኔም ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴንም ሃይማኖት አልሁት» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን እንደ ቅኔ መምህር ከፍ አድርገው። «ስሙኝ! ልጅ ሲቃጠል ቅቤ አትቀቡ፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ጣቱን ከጣቱ ጋር አትጠቅልሉ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ። የቆየ ጠባሳ ላለውም ተስፋ አለ፤ ጥበብ ወጥቷል። ሰው የተፈጠረበት አርአያ በእንስሳ ቆዳ አይጠፋም። ምድጃ ያሰረውን እጅ ሐኪም ሲፈታው እኮ አርአያው ነው የሚመለስ! ይቺ ልጅ አሁን ትጽፋለች፣ ትጨብጣለች፤ ነገ ደግሞ ሌላውን ታነሣለች። ልጁን ይዘህ ና ቅጣው፤ የትእዛዙ መምህር ዘንድ ይታያል፤ እስከ አውቶቡሱ እኔው እሸኝሃለሁ።»

ቅጣው ጥሩሐረግን እጇን እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ሰጠችው፤ ጨበጠው። «እሺ፤ በሚቀጥለው ገበያ ይዤው እመጣለሁ» አለ።

መሪጌታ ከዚያ ወደ ጦይብ መደብ ዞሩ። ከቆዳው ክምር መካከል ዓይናቸው ውስጥ የገባ አንድ ነጭ የፍየል ቆዳ ነበር፤ ጠባሳ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ጸሐፊ በዕድሜው ስንቴ ያገኘዋል! ከፍለው አነሡትና ለትእዛዙ ዘረጉለት።

«የኔታ፣ ይህማ የዳዊት ቆዳ ነው» አለ ትእዛዙ ደንግጦ። «የእኔ ሥራ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይወስዳል።»

«ቢወስድም ይጀመር። ዳዊት ሌላ ቆዳ እስኪገኝ ይቆየኛል፤ የተቃጠለ ልጅ ግን አይቆይም።»

ጥሩሐረግ ከአያቷ ተቀበለችና አንዱን ጫፍ በቀኝ እጇ ጨብጣ ሌላውን ለትእዛዙ ሰጠችው። እንደገና አንድ የፍየል ቆዳ በሁለት ሰው እጅ ተይዞ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ‹ልቀቅ› ያለ ሰው አልነበረም።